ንቦችን ሲመረምር ኖሮ በእርጅናው ስለ ተሸለመ ሊቅ
ለተማሪዎች የተነገረ ንግግር

ልጆች ሆይ፤ ሰው ሠርቶ የሚያገኘው ዋጋ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሥራው ራሱ የሚሰጠው ደስታ ነው፤ ይህም ከሠራተኛው ጋራ በየቀኑ ይኖራል። ሁለተኛው ሌሎች ሰዎች ሥራውን አይተውና መዝነው የሚሰጡት ክብር ነው፤ ይህም አንዳንድ ጊዜ ቶሎ ይመጣል፥ አንዳንድ ጊዜ ዘግይቶ ይመጣል፥ አንዳንድ ጊዜም ሠራተኛው ካለፈ በኋላ ለስሙ ብቻ ይደርሳል። የዛሬው ንግግር የእንስሳትን ጠባይ በመመርመር ዕድሜያቸውን ስለ ፈጸሙ ሰዎች ነው፤ ይኸውም ከእነርሱ አንዳንዶቹ እንዴት እንደ ተሸለሙ፥ አንዱም እንዴት ሳይሸለም እንደ ቀረ ያስረዳል። በንግግሩ ውስጥ የሚጠራው ዓመት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ሽልማቱ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። አልፍሬድ ኖቤል የሚባል የስዊድን ሰው ዲናሚት የተባለውን ድንጋይ ማፍረሻ ፈልስፎ ብዙ ሀብት ካገኘ በኋላ፥ በ1895 ዓመት በጻፈው ኑዛዜ ገንዘቡ ለሰው ልጅ ትልቅ ጥቅም ላመጡ ሰዎች በየዓመቱ ሽልማት እንዲሆን አዘዘ። ሽልማቱም ለፊዚክስ፥ ለኬሚስትሪ፥ ለሕክምና፥ ለድርሰትና ለሰላም ሥራ ተመደበ፤ ከ1901 ዓመት ጀምሮም ይሰጥ ጀመር። በኑዛዜው ውስጥ ስለ እንስሳት ጠባይ የተጻፈ ቃል የለም። ስለዚህ ሰባ ዓመት ያህል የዱርና የሜዳ እንስሳትን ጠባይ በየስፍራቸው ተመልክቶ ይህን ሽልማት ያገኘ ሰው አልነበረም።

በ1973 ዓመት ግን የሕክምናውን ሽልማት የሚወስነው በስቶክሆልም ከተማ ያለው የካሮሊንስካ ተቋም ነገሩን በሰፊው ተመለከተ። የእንስሳት ጠባይ ሲታወቅ የሰውም ጠባይ በመጠኑ ይታወቃልና፥ ሽልማቱን ለሦስት ሰዎች አካፈለ። እነርሱም ካርል ፎን ፍሪሽ፥ ኮንራድ ሎሬንትስና ኒኮላስ ቲንበርገን ናቸው። ከሦስቱ በዕድሜ ታላቁ ፍሪሽ ሲሆን፥ የሽልማቱ ወሬ በደረሰው ጊዜ 86 ዓመት ሁኖት ነበር። ከስድሳ ዓመት በላይ የደከመበትም ነገር እያንዳንዳችሁ በየመንደራችሁ የምታውቁት ንብ ነው።

ካርል ፎን ፍሪሽ በኅዳር ወር በ1886 ዓመት በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበረ፤ የእናቱም ወገኖች የታወቁ መምህራን ነበሩ። ቤተ ሰቡ ብሩንቪንክል በሚባል ስፍራ በሐይቅ አጠገብ አሮጌ የወፍጮ ቤት ነበራቸውና በየበጋው ወደዚያ ይወርዱ ነበር። ሕፃኑም በዚያ ዓሣውን፥ ወፉን፥ እንሽላሊቱንና ነፍሳቱን ሁሉ እየሰበሰበ ያሳድግ ነበር፤ ያሳደጋቸውም ዓይነቶች ቢቈጠሩ ከመቶ በላይ ነበሩ። በሐይቁ ዳር በድንጋይ ላይ ተኝቶ ሳይንቀሳቀስ ለብዙ ሰዓት ውሃውን ይመለከት ነበር። በዚህም አላፊ አግዳሚው የማያየው ነገር ለታጋሽ ሰው እንደሚታይ ገና በልጅነቱ ተማረ።

ካደገም በኋላ በአባቱ ምክር የሕክምና ትምህርት ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን ልቡ ወደ እንስሳት ስለ አዘነበለ ያንን ትቶ የእንስሳትን ሳይንስ ተማረ። በ1910 ዓመት የዶክተርነት ማዕረግ አግኝቶ በጀርመን አገር በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ረዳት ሆነ።

በዚያው በሙኒክ የዓይን ሐኪሞች አለቃ የነበረው ካርል ፎን ሄስ የተባለ የታወቀ ሊቅ፥ ዓሦችና ነፍሳት ቀለም መለየት አይችሉም፥ ዓለሙ ሁሉ ለእነርሱ ግራጫ ነው እያለ ያስተምር ነበር። ወጣቱ ፍሪሽ ግን ይህን ቃል በሰማ ጊዜ አንድ ነገር አሰበ። አበቦች ቀይና ሰማያዊ፥ ቢጫና ሐምራዊ ሁነው የሚያጌጡት ለምንድር ነው? አበባን የሚጐበኙት ነፍሳት ናቸው፤ እነርሱ ቀለሙን የማያዩት ከሆነ ጌጡ ለማን ነው? ታዲያ ሊቁን በቃል ከመከራከር ይልቅ ጥያቄውን ንቦቹን ራሳቸውን ሊጠይቃቸው ወሰነ።

ንብ በቃል አትጠየቅም፤ በሥራ ግን ትጠየቃለች። ፍሪሽ በጠረጴዛ ላይ ብዙ ግራጫ ካርቶኖች ደረደረ። ከእነርሱም አንዳንዱ ነጭ ለመሆን የተቃረበ፥ አንዳንዱም ጥቁር ለመሆን የተቃረበ፥ ሌላውም በመካከል ያለ ነበረ። በመካከላቸው አንድ ሰማያዊ ካርቶን አኖረ፤ በየካርቶኑም ላይ ትንሽ የመስተዋት ሳሕን አስቀመጠ። የስኳር ውሃ ያደረገው ግን በሰማያዊው ላይ ባለው ሳሕን ብቻ ነው። ንቦቹም ቦታውን ብቻ አስታውሰው እንዳይመጡ፥ ሰማያዊውን ካርቶን አሁን ወዲህ አሁን ወዲያ ያዛውረው ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ካርቶኖቹን በአዲስ ለወጠ፥ ሳሕኖቹንም ሁሉ ባዶ አደረጋቸው። ንቦቹ ግን ምንም ስኳር ሳይኖር በሰማያዊው ላይ ተሰብስበው አረፉ።

የዚህን ፈተና ብልሃት አስተውሉ። ንብ ቀለም የማታይ ብትሆን ሰማያዊው ካርቶን ከግራጫዎቹ ከአንዱ ጋራ በድምቀት አንድ ሁኖ ይታያት ነበር፤ ስለዚህም ትሳሳት ነበር። ግራጫውን በየደረጃው መደርደሩ ይህን ሁሉ ማመካኛ አስቀድሞ ለመዝጋት ነው። ፍሪሽ ይህን በ1914 ዓመት አሳተመ። በኋላም ንብ ቀይን ከጥቁር የማትለይ መሆንዋ፥ ነገር ግን ሰው ከቶ የማያየውን ከሐምራዊ ወዲያ ያለውን ብርሃን የምታይ መሆንዋ ታወቀ። እንግዲህ በአንድ መስክ ላይ ሰውና ንብ ጐን ለጐን ቢቆሙ የሚያዩት ሜዳ አንድ ዓይነት አይደለም።

ከዚህ የሚበልጠው ነገር ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። ፍሪሽ አንድ ነገር ያስደንቀው ነበር። በሜዳ ላይ የስኳር ውሃ ቢያኖር ለብዙ ጊዜ ማንም ንብ ላይመጣ ይችላል፤ አንዲት ንብ አግኝታው ወደ ቀፎዋ ከተመለሰች በኋላ ግን ብዙዎች ወዲያው ይጐርፋሉ። እንግዲህ ያችው ንብ ለወገኖቿ ነግራለች ማለት ነው፤ ነገር ግን በምን አፍ ነገረች?

ይህን ለማወቅ የቀፎውን ውስጥ ማየት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ በዛፍ ላይ የሚሰቀለው ቀፎ ውስጡ ጨለማ ነው፤ የፈረንጁም ቀፎ እንዲሁ ነው። ፍሪሽ ስለዚህ አንድ የማር እንጀራ ብቻ የሚይዝ፥ በግራና በቀኝ የመስተዋት ግድግዳ ያለው ቀፎ አሠራ። ንቦቹም ስኳሩን ሲቀስሙ በቀጭን ብሩሽ በጀርባቸው ላይ የቀለም ነጥብ አደረገባቸው። የነጥቡ ቀለምና ቦታ ቍጥር ማለት ነበረ፤ በዚህም ብልሃት በመቶ የሚቈጠሩ ንቦችን አንድ በአንድ እንደ ስማቸው ሊያውቃቸው ቻለ።

በ1919 ዓመት ነጥብ የተደረገባት አንዲት ንብ ስኳር ቀስማ ወደ ቀፎው ስትመለስ በመስተዋቱ አሻግሮ ተመለከታት። ንቢቱም በማር እንጀራው ላይ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ ወደ ግራ በጠባብ ክብ ትዞር ጀመር። በአጠገቧ ያሉት ንቦች በቀንዳቸው እየዳሰሷት ተከተሏት፤ ከዚያም እየወጡ ወደ ሜዳ በረሩ። ሌላም ዓይነት ጭፈራ አየ፤ በዚህኛው ንቢቱ ሆድዋን ግራና ቀኝ እያወዛወዘች በቀጥታ ጥቂት ትሮጥና ዞራ ወደ ጀመረችበት ትመለሳለች፥ ደግማም እንዲሁ ታደርጋለች። ፍሪሽ የክቡ ጭፈራ ስለ ጣፋጭ ውሃ፥ የውዝዋዜው ጭፈራ ግን ስለ አበባ ዱቄት የሚነገር ነው ብሎ አሰበ፤ ይህንም በ1923 ዓመት ጽፎ አሳተመ፥ ሃያ ዓመት ያህልም እንዲሁ ሲያስተምር ኖረ። ይህ ግን ሙሉው እውነት አልነበረም።

ፍሪሽ ከዚህ በኋላ በሙኒክ ፕሮፌሰር ሁኖ ሳለ ናዚዎች በጀርመን አገር ነገሡ። እነዚህም ሰዎች ሰውን በእውቀቱና በሥራው ሳይሆን በአያት በቅድመ አያቱ ይመዝኑ ነበር። ከፍሪሽ አያቶች አንዲቱ በእናቱ በኩል ከአይሁድ ወገን መሆንዋ ስለ ታወቀ፥ በ1941 ዓመት ከማስተማር ሥራው እንዲወገድ ተወሰነበት። ሠላሳ ዓመት የደከመበት ሥራ በአንድ ደብዳቤ ሊጠፋ ሆነ። ነገር ግን በዚያው ወራት ኖዜማ የሚባል የንብ በሽታ በጀርመን አገር ተነሥቶ እጅግ ብዙ መንጋ ይፈጅ ነበር። ንብ የአበባን ዱቄት ከአበባ ወደ አበባ ካላደረሰች ብዙ ተክል አያፈራምና በጦርነት ላይ ላለው መንግሥት ይህ ታላቅ ሥጋት ሆነ። በሽታውን እንዲመረምር ንብን የሚያውቅ ሰው አስፈለገ፤ ስለዚህም ከሥራ መወገዱ ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ ይቈይ ተባለ። ጦርነቱም ባለቀ ጊዜ የወደቁት እነዚያ ያዘዙት ሆኑ። ፍሪሽ ለንቦች ሲደክም ኖሮ በክፉው ቀን ንቦች ለእርሱ ቆሙለት ማለት ይቻላል።

በ1944 ዓመት በሙኒክ ያለው የምርምር ቤቱ በቦምብ ፈረሰ። ፍሪሽም ንቦቹን ይዞ በልጅነቱ ወደ ኖረበት ወደ ሐይቁ ዳር ሄደ። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ስለ ነፍሱ ብቻ ሲያስብ፥ እርሱ የሃያ ዓመት ትምህርቱን እንደ ገና ይመረምር ጀመር። ቀድሞ ስኳሩን በቀፎው አቅራቢያ ያኖር ነበር፤ አሁን ግን እያራቀ አኖረ። በዚህ ጊዜ ከሩቅ የመጡት ንቦች ጣፋጭ ውሃ ይዘው ሳለ የውዝዋዜውን ጭፈራ ሲጨፍሩ አየ። እንግዲህ የሁለቱ ጭፈራ ልዩነት የምግቡ ዓይነት ሳይሆን ርቀቱ ነበር፤ ክቡ ለቅርብ፥ ውዝዋዜው ለሩቅ ነው። ቀድሞ አበባ ዱቄት የሚያመጡት ንቦች ከሩቅ ይመጡ ስለ ነበር ነገሩ አሳስቶት ኖሯል። ፍሪሽ ይህን ባወቀ ጊዜ ስለ ክብሩ ብሎ አልሸሸገም፤ የቀድሞው ትርጓሜው ስሕተት መሆኑን ራሱ ጽፎ አስታወቀ።

ከዚህም በላይ የሚያስደንቀው ትርጓሜ በዚያው በጋ ተገለጠ። የማር እንጀራ በቀፎ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ፀሐይም በዚያ ጨለማ አትታይም። ስለዚህ ንቢቱ ወደ ላይ የሚለውን አቅጣጫ በፀሐይ ስፍራ ትተካዋለች። አበባው በፀሐይ አቅጣጫ የሚገኝ እንደ ሆነ እያወዛወዘች ቀጥ ብላ ወደ ላይ ትሮጣለች። አበባው ከፀሐይ ተቃራኒ እንደ ሆነ ቀጥ ብላ ወደ ታች ትሮጣለች። ከፀሐይ በስተግራ በ60 ዲግሪ የሚገኝ እንደ ሆነ፥ ከላይኛው አቅጣጫ በስተግራ በ60 ዲግሪ አዘንብላ ትሮጣለች። ፀሐይ በሰማይ ላይ በሄደች መጠን የጭፈራው መንገድ አብሮ ይዞራል። ርቀቱንም የውዝዋዜው ርዝመት ይናገራል፤ አንድ ሰከንድ ያህል የቆየ ውዝዋዜ አንድ ኪሎሜትር ያህል መንገድ ማለት ነው፥ ይህም ልክ እንደ ንቡ ዘር ጥቂት ይለያያል። ሌሎቹ ንቦች ይህን በጨለማ ውስጥ በመዳሰስ ይረዱታል፤ ወጥተውም በተነገራቸው አቅጣጫ ይበራሉ።

በመጻሕፍት ቤት ተማሪ ንባቡን በሚገባ ካደላደለ በኋላ ትርጓሜውን ይቀጽላል፤ በንባብና በትርጓሜ መካከልም ብዙ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ለፍሪሽም የሆነው እንደዚህ ነው። ንባቡን በ1919 አገኘ፤ ትርጓሜው የተገለጠለት በ1944 ነው። በመካከሉ ሃያ አምስት ዓመት አለ። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአባቶች ተረት ለዚህ ነው።

ኋላም በ1949 ዓመት ሌላ ነገር ጨመረ። ፀሐይ በተራራ ወይም በደመና ተሸፍና ጥቂት ሰማያዊ ሰማይ ብቻ የሚታይ ቢሆንም ንብ መንገዷን አትስትም። ምክንያቱም ከሰማይ የሚመጣው ብርሃን እንደ ፀሐይ አኳኋን በተወሰነ ስልት ተደርድሮ ይመጣልና፥ ሰው በዓይኑ የማይለየውን ይህን ድርድር የንብ ዓይን ይለየዋል።

እንዲህ ያለ ታላቅ ነገር ሳይፈተን መታመን የለበትም። በ1967 ዓመት በአሜሪካ አገር አድሪያን ዌነር የተባለ መርማሪ፥ ንቦች ወደ አበባው የሚደርሱት በሽታ ነው እንጂ በጭፈራ አይደለም ብሎ ተነሣ። ክርክሩም እጅግ የጸና ነበረ፤ ፍሪሽ በተሸለመ ጊዜም ገና አልተቋረጠም ነበር። ነገር ግን በ1975 ዓመት ጄምስ ጉልድ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ በብልሃት ባደረገው ፈተና ጭፈራው ራሱ መንገድ እንደሚመራ አሳየ። በ2005 ዓመትም መርማሪዎች በንቦች ጀርባ ላይ እጅግ ቀላል ምልክት አድርገው በራዳር ሲከተሉዋቸው፥ ጭፈራውን የተከተሉት ንቦች በተነገራቸው አቅጣጫ ሲበሩ ተገኙ። ሽታም በመጨረሻው ስፍራ ይረዳቸዋል። ስለዚህ የተቃራኒው ክርክር ከንቱ አልሆነም፤ እውነቱን ይበልጥ አጠራው እንጂ። የሚከራከርህን ሰው እንደ ጠላት ሳይሆን እንደ ወርቅ አንጣሪ እሳት ቍጠረው።

አሁን ወደ ሽልማቱ እንመለስ። ከፍሪሽ ጋራ የተሸለመው ኮንራድ ሎሬንትስ በ1903 ዓመት የተወለደ የኦስትሪያ ሰው ነው። የዝይ ጫጩት ከእንቍላል በወጣች ጊዜ መጀመሪያ ያየችውን ተንቀሳቃሽ ነገር እንደ እናቷ አድርጋ እንደምትከተል በሰፊው አስረዳ፤ ጫጩቶቹ ሎሬንትስን ራሱን ይከተሉት ነበር። ኒኮላስ ቲንበርገን ደግሞ በ1907 ዓመት በሆላንድ አገር የተወለደ ነው። የባሕር ወፎችንና ትንንሽ ዓሦችን በየስፍራቸው እየተመለከተ፥ የእንስሳን ጠባይ የሚቀሰቅሰው ምልክት ምን እንደ ሆነ ቀላል በሆነ ፈተና ገለጠ።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ወዳጆች ነበሩ፤ ነገር ግን በጦርነቱ ዘመን መንገዳቸው ተለያየ። ሎሬንትስ በ1938 ዓመት የናዚዎችን ማኅበር ገባ፥ ስለ ሰው ዘርም የእነርሱን ሐሳብ የሚደግፍ ጽሑፍ ጻፈ። ቲንበርገን ግን አይሁድ የሆኑ መምህራን ከሥራቸው በመወገዳቸው ከባልንጀሮቹ ጋራ ተቃውሞ፥ ከ1942 እስከ 1944 ዓመት በናዚዎች እስር ቤት ቆየ። ፍሪሽም በአያቱ ምክንያት ሊወገድ የነበረ ሰው ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ እነዚህ ሦስቱ በአንድ ሽልማት ተጠሩ። ብዙ ሰዎችም ስለ ሎሬንትስ በዚያን ጊዜ አጕረመረሙ፤ እርሱም በዚያ ዘመን በጻፈው እንደ ተጸጸተ ጻፈ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው፤ የእውቀት ሽልማት የሚሰጠው ለተገኘው እውነት ነው እንጂ ለሰውዬው ኑሮ ሁሉ የጽድቅ ምስክር አይደለም። የዝይዋ ጠባይ እውነት ነው፤ የሎሬንትስም ጥፋት እውነት ነው። አንዱ ሌላውን አይሸፍነውም።

አሁን ደግሞ ስለ ሌላ ሰው መናገር ይገባል። ይህም ሰው ትልቅ ሽልማት ያልደረሰው ቻርልስ ሄንሪ ተርነር ነው። በአሜሪካ አገር በሲንሲናቲ ከተማ በ1867 ዓመት፥ ጥቁሮች ከባርነት ነጻ ከወጡ ከሁለት ዓመት በኋላ ከጥቁር ቤተ ሰብ ተወለደ። አባቱ የቤተ ክርስቲያን ዘበኛ፥ እናቱም አስታማሚ ነበረች። በትምህርቱ እጅግ የተጋ ስለ ነበር በ1907 ዓመት ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበለ። ነገር ግን በዚያ ዘመን የቆዳው መልክ ስለ ከለከለው ትልልቆቹ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች የመምህርነት ወንበር አልሰጡትም። ስለዚህ በ1908 ዓመት በሴንት ሉዊስ ከተማ ሰምነር በሚባል የጥቁሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ።

በዚያም ቀን ቀን ልጆችን ሲያስተምር ውሎ፥ በዕረፍቱ ጊዜ ያለ ረዳትና ያለ ምርምር ቤት ነፍሳትን ይመረምር ነበር። ፍሪሽ ስለ ንብ ዓይን ከማሳተሙ ከአራት ዓመት በፊት፥ በ1910 ዓመት ተርነር በከተማው መናፈሻ ውስጥ ልዩ ልዩ ቀለም ባላቸው ወረቀቶች ላይ ማር እያኖረ ንቦች ወረቀቶቹን ለይተው እንደሚያውቁ አሳየ። ይህን የሚለዩት በቀለሙ ነው ወይስ በድምቀቱ የሚለው ጥያቄ ግን የፍሪሽን ግራጫ ካርቶኖች የሚጠብቅ ነበረ። በማግሥቱም ዓመት ንቦች መስመርንና ቅርጽን እንደሚለዩ ጻፈ። የሌሊት ብርብራዎች እንደሚሰሙም፥ ሸረሪት ድሯን እንደ ስፍራው አኳኋን እያስተካከለች እንደምትሠራም መረመረ። ጕንዳን ወደ ቤቷ ስትመለስ የምታደርገውን አዟዟር አንድ የፈረንሳይ መርማሪ በተርነር ስም ጠራው። በዕድሜውም ውስጥ ከሰባ በላይ ጽሑፎች አሳተመ፤ በ1923 ዓመትም ሞተ።

ለተርነር የመጣለት ክብር የዘገየ ነው። ከሞተ በኋላ በ1925 ዓመት በሴንት ሉዊስ ለአካለ ስንኩላን ልጆች የተከፈተ ትምህርት ቤት በስሙ ተሰየመ። ከብዙ ዘመንም በኋላ በአሜሪካ ያለው የእንስሳት ጠባይ መርማሪዎች ማኅበር ወጣት ተማሪዎችን ወደ ጉባኤው የሚጠራበትን ሥራ በተርነር ስም አቋቋመ። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን በሕይወቱ ሳለ አንድ የምርምር ቤትና ሁለት ረዳቶች ቢሰጡት ኑሮ ምን ያህል ነገር ያገኝ እንደ ነበር ማን ይነግረናል? የሠራተኛውን ክብር ማዘግየት እርሱን ብቻ የሚጐዳ አይደለም፤ ሊገኝ የነበረውን እውቀት ከሁሉ ሰው ይነጥቃል። ስለዚህ የመዛኞች ኃላፊነት ከባድ ነው። መዛኝ የሆነ ሰው የሠራተኛውን አያትና መልክ፥ ስፍራና ማዕረግ ትቶ ሥራውን መመልከት አለበት። ናዚዎች ፍሪሽን በአያቱ መዘኑት፤ ሌሎችም ተርነርን በመልኩ መዘኑት፤ ሁለቱም ሚዛን አባያ ነበረ።

ከክብር ሁሉ ግን አንዱ ማንም የማይከለክለው አለ፤ እርሱም ደቀ መዝሙር ነው። ማርቲን ሊንዳወር የሚባል ወጣት ጀርመናዊ በጦርነት ቈስሎ ሲመለስ የፍሪሽን ትምህርት ሰምቶ ልቡ ተማረከ፤ ከእርሱም ዘንድ ተማረ። ንቦች ተገንጥለው በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ሲንጠለጠሉ ሁላችሁም አይታችኋል። ሊንዳወር ይህን ተመልክቶ፥ በመንጋው ላይ የሚጨፍሩት ንቦች ምግብ ሳይሆን ቤት አግኝተው የመጡ መልእክተኞች መሆናቸውን አወቀ። እያንዳንዷ ያየችውን ስፍራ በጭፈራ ታስታውቃለች፤ ቀስ በቀስም ብዙዎቹ ወደሚበልጠው ስፍራ ያደላሉ፥ በአንድ ሐሳብ ሲስማሙም መንጋው ሁሉ ተነሥቶ ይሄዳል። መምህሩ የንቢቱን ቃል ፈታ፤ ደቀ መዝሙሩ የንቦችን ሸንጎ ፈታ። ፍሪሽ በ1982 ዓመት በ95 ዓመቱ በሙኒክ ሲሞት እንዲህ ያሉ ተማሪዎችን ትቶ ነው።

ልጆች ሆይ፤ ፍሪሽ የጀመረው በሐይቅ ዳር ካለ ድንጋይ ነው፤ ተርነርም የሠራው በከተማ መናፈሻ ውስጥ ነው። ሁለቱንም ያስከበራቸው ውድ መሣሪያ ሳይሆን ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ ሁሉ የሚያየውን ነገር ለምን ብለው ጠየቁ። ሁለተኛ፥ መልሱን ከራሳቸው ሐሳብ ሳይሆን ከእንስሳው ሥራ ጠበቁ። ሦስተኛ፥ ያዩትን ከነቀኑ ጻፉ፥ ስሕተት ሲሆንም አረሙ።

ስለዚህ በየቤታችሁ አጠገብ ቀፎ ቢኖር ከባለቤቱ ፈቃድ ጠይቃችሁ፥ ንቦቹን ሳታስቈጡ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። በጧት በስንት ሰዓት ለሥራ እንደሚወጡ፥ ደመና ሲሆን ምን እንደሚያደርጉ፥ በየወሩ ከየትኛው አበባ እንደሚመጡ ተመልክታችሁ በደብተራችሁ ጻፉ። መምህራንም ይህን ደብተር ከልጁ እጅ ሲቀበሉ እንደ ጨዋታ አድርገው አይናቁት፤ ቀኑን አይተው፥ ስሕተቱን አርመው፥ መልካሙን አመስግነው ይመልሱለት። የሠራተኛ ክብር የሚጀምረው ከስቶክሆልም አይደለም፤ የልጅን ሥራ በትክክል ከሚመዝን መምህር ነው።